ከሶዶ እስከ ጨንቻ፦ ጫማና ሳሙና ጭነን የሄድንበት መንገድ

ሐሙስ ጥር 22 ቀን 2017፣ ከአዲስ አበባ ወደ ወላይታ ሶዶ

ከጀሞ ስንነሳ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነበር። የሚኒባሱ የኋላ ወንበሮች ተነቅለዋል። ቦታውን የያዙት ካርቶኖች ናቸው፤ የልጆች ጫማ፣ ካልሲ፣ ሳሙና፣ ቫዝሊን፣ በረኪና፤ እግር ለሚያሳብጠው ዝሆኔ መከላከያና ማከሚያ ናቸው። ያዋጣው የአጥቢያችን ሰው ነው። ባለሀብት የለንም። አብዛኛው የመንግሥት ሠራተኛ፣ ጡረተኛ፣ ጉልት የሚቸረችር ነው። ከአስራቱ ውጪ በየወሩ ትንሽ ትንሽ እያስቀመጠ ነው ይህን የሞላው፤ ይህን ስጽፍ ደስ እያለኝ ነው።

ወደዚያ እንድንሄድ ያደረገን የሽሮ ሜዳ ነገር ነው። ሽመና ቤት ለሚሠሩ ልጆች የማታ ትምህርት ከጀመርን ወዲህ፣ ከየት መጣችሁ ስንላቸው መልሱ ያው የጋሞ ደጋ ነው፤ ጨንቻ፣ ዶርዜ፣ ዶኮ፣ ኤዞ። ሊስትሮ የሚሠሩትን ስንጠይቅ ደግሞ ወላይታ ይሉናል። ልጆቹን እዚህ ማስተማር ጥሩ ነው። ግን የመጡበትን ቤት ያላየ ሰው ለምን እንደመጡ በደንብ አይገባውም። እኔም አይገባኝም ነበር።

ቁርስ ቡታጅራ በላን። ፍርፍር 130 ብር፣ ሻይ 15 ብር። እኔ ሰፈር ያው ፍርፍር 180 ገብቶ ነበር፤ ያውም ሳህኑ ያነሰ። ቤንዚን በሊትር መቶ ብር ካለፈ በኋላ መንገድ ዳር ያለ ምግብ ቤት ሁሉ ዋጋውን በወረቀት ለጥፎ ከስር ያለውን አሮጌውን ሸፍኖታል።

ሆሳዕና ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን ጎማ ተነፈሰ። ትርፍ ጎማው ከካርቶኖቹ ስር ነበርና ሁሉንም አውርደን መንገድ ዳር ደረደርን። ወዲያው የሰፈሩ ልጆች ከበቡን። ሁለቱ ክሪክ ያዙልን፣ አንዱ ድንጋይ አምጥቶ ከጎማው ኋላ አደረገ። ሁሉም ባዶ እግራቸውን ናቸው። ካርቶኑ ላይ ደግሞ የጫማ ሥዕል አለ። ሹፌራችን አላስቻለውም፤ "ለእነዚህ እንስጥና እንሂድ" አለ። አስተባባሪያችን ዝርዝሩን አሳየችው። እያንዳንዱ ጫማ ቁጥሩ ተለክቶ የልጅ ስም ተጽፎለታል፤ እዚህ ከሰጠን እዚያ የሚጠብቅ ልጅ ባዶ እጁን ይመለሳል። ዳቦና ሳሙና ሰጥተናቸው ሄድን። ልክ ነበርን ብዬ አስባለሁ፣ ግን እስከ አረካ ድረስ መኪናው ውስጥ ወሬ አልነበረም።

አረካን እንዳለፍን በረኪና ሸተተን። የአንዱ ጀሪካን ክዳን በመንገዱ መንገጫገጭ ላልቶ ካልሲው ላይ ፈሷል። ጥቁሩ ካልሲ ሁሉ ነጭ ነጠብጣብ በነጠብጣብ ሆኗል። ዓይናችን እየቃጠለን፣ መስኮት ከፍተን፣ አቧራ እየጠጣን ሶዶ ገባን።

ማታ ሥጋ ቤት ወሰዱን። የወላይታ ጥሬ ሥጋ በዳጣ! ኪሎው 850 ብር፤ አዲስ አበባ ከሺህ በታች ማግኘት ከባድ ነበር። ዳጣው ግን ገንዘብ የሚገዛው አይመስለኝም። አልጋ 700 ብር፣ ንጹህ ነው፣ የቧንቧ ውሃ የለም፣ በባልዲ ያቀርባሉ።

ዓርብ ጥር 23፣ ከሶዶ ወጣ ብሎ

ከከተማው ወጥተን በዳሞት ተራራ ግርጌ በኩል ወደ አንዲት የገጠር ቀበሌ ሄድን። አፈሩ ቀይ ነው። ጫማ ላይ ይለጥፋል፣ ሱሪ ላይ ይወጣል፣ ሲደርቅ እንደ ዱቄት ይነሳል። ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ አፈር ነው።

ዝሆኔ ስንል ብዙዎቻችን በትንኝ የሚመጣውን እናስባለን። የዚህ አገሩ ሌላ ነው። ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጨ ቀይ ሸክላ አፈር ውስጥ ያሉ ደቃቅ ነገሮች ለዓመታት በባዶ እግር ቆዳ በኩል ይገባሉ፣ ሰውነት ይቆጣል፣ እግር ያብጣል። ይህን ከአፈሩ ጋር ያገናኘው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ውስጥ የሠራው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። በዘር የመጋለጥ ነገርም አለው፤ በአንድ ቤት እናትና ልጅ ሲታመሙ የሚታየው ለዚህ ነው። ከሰው ወደ ሰው ግን አይተላለፍም። በፍጹም። ከሃያ ዓመት በፊት ወላይታ ላይ የተሠራ ጥናት ከ100 ሰው ከ5 በላይ የሚሆነው ሕመሙ እንዳለበት አሳይቷል። መንግሥት ትኩረት ከሚሹ በሽታዎች ዕቅድ ውስጥ ያስገባው በ2005 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ሶዶ ላይ የሕመምተኞቹን እግር ማጠብ የጀመረው አሜሪካዊው ሚስዮናዊ ሐኪም ናታን ባርሎው ነበር። ዛሬ ሥራውን የሚሠሩት የአገሩ ልጆች ናቸው፤ አንዳንዶቹ ራሳቸው ታመው የዳኑ።

ሕክምናው በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ነው የሚሰጠው። ሰልፉ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ነበር። ሳፋ፣ ውሃ፣ ሳሙና። መጀመሪያ እግሩ በደንብ ይታጠባል፣ በየጣቱ መሐል ሳይቀር። ቀጥሎ ጥቂት ጠብታ በረኪና የገባበት ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ከዚያ ይደርቃል፣ ቫዝሊን ይቀባል፣ ካልሲ፣ ጫማ። በቃ። ያለ መርፌ፣ ያለ ውድ ኪኒን። ግን በየቀኑ፣ ዕድሜ ልክ። ቤት ሲገቡም እግርን ከፍ አድርጎ መተኛት።

እኔ ከአንዲት እናት ጋር ተቀመጥኩ። አብራት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጇ አለች። እናትየዋ ሁለቱም እግሯ እስከ ጉልበቷ አብጧል፤ ጣቶቿ አካባቢ ቆዳው ቋጥሯል። ሽታ አለው፤ ለዚያ ነው ሰው የሚርቃት። ለሠርግ መጠራት እንደቀረ፣ እድሩ ላይ ጥግ እንደምትቀመጥ፣ እየሳቀች ነገረችኝ። ልጅቷን "እስቲ አሳዪኝ" አልኳት። እግሯ ለዓይን ደህና ይመስላል። የጤና ሠራተኛዋ ግን የአውራ ጣቷን ሥር ነካ አድርጋ "ሌሊት ያቃጥልሻል አይደል?" አለቻት። ልጅቷ አንገቷን ደፋች። ጀምሯል ማለት ነው። ደግነቱ በዚህ ጊዜ ከተያዘ፣ ከታጠበችና ጫማ ካደረገች፣ ይቆማል።

ታሪኩ ሲወጣ እንዲህ ነው። እናት ገበያ መሄድ አቃታት። ልጅቷ ከአራተኛ ክፍል ወጥታ ቅቤና ጎመን ተሸክማ ትሸጣለች፣ ውሃ ትቀዳለች። ታላቅ ወንድሟ አዲስ አበባ ሊስትሮ ነው፤ አልፎ አልፎ በስልክ ብር ይልካል። አባት የለም። በሽታው የጠናው በአንድ ሰው እግር ላይ ነው፣ ትምህርት ያጡት ግን ሁለት ልጆች ናቸው። እኛ አዲስ አበባ ሆነን የጤና፣ የድህነት፣ የሕፃናት ጉልበት እያልን በየፋይሉ እንከፋፍለዋለን፤ እዚያ ቤት ግን አንድ ነገር ነው።

ቤታቸውን እዩልኝ ብላ ለመነችን፣ ሄድን። ቦዬ የሚባለውን ሥራሥር ቀቅላ በዳጣ አቀረበችልን። የቡና ቅጠል በነጭ ሽንኩርትና በሚጥሚጣ አፈላች፤ ጉሮሮዬን አቃጠለኝ ግን ሁለተኛ ደገምኩ። "ብዪ እንጂ ልጄ፣ ምነው አፈርሽ?" ትለኛለች። ውሃ ከየት እንደሚመጣ ጠየቅኩ። ቦኖው ግማሽ ሰዓት ያስኬዳል፣ ጀሪካኑ 5 ብር። በየቀኑ ታጠቢ ማለት ለዚህች ልጅ በየቀኑ አንድ ጀሪካን ጨምሪ ማለት ነው። የአካባቢው አጥቢያ ይህን ዐውቆ ወጣቶቹን በተራ መድቧል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሕመምተኛ ቤት ውሃ ይቀዳሉ። ከውጭ የመጣ ሰው ይህን ሊያስበው አይችልም።

ለዚህች ቤተ ክርስቲያን በራሷ መቆም አዲስ አይደለም። የወንጌል መልእክተኞች ሶዶ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1928 ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ በ1937 ሲባረሩ ትተውት የሄዱት አማኝ ጥቂት ነበር፤ ሲመለሱ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ነው የጠበቃቸው። ያሰፋው የአገሩ ሰው ነው።

ጫማውን ስናድል ያ የተለወጠው ካልሲ ወጣ። ልጆቹ ነጠብጣቡን ወደዱት፤ ንጹሁ ተትቶ እሱ አለቀ።

ቅዳሜ ጥር 24፣ ሶዶ፣ አርባ ምንጭ፣ ጨንቻ

ከሶዶ አርባ ምንጭ አስፋልቱ ደህና ነው። አባያ ሐይቅ በግራ በኩል ቡናማ ሆኖ ይታያል። ሙዝ በየመንገዱ ተደርድሯል፤ ኪሎ 35 ብር ገዛን፣ አዲስ አበባ የዚህ እጥፍ ነበር። ምሳ አሳ ጥብስ፣ አንዱ ሙሉ አሳ 250 ብር። ሙቀቱ ግን ከባድ ነው፤ ኮታችንን አውልቀን መኪና ውስጥ ወረወርን።

ከሰዓት በኋላ መልሰን ለበስነው። ወደ ጨንቻ የሚወጣው መንገድ አርባ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ግን ከቆላ ተነስቶ ደጋ የሚያስገባ ጠመዝማዛ ዳገት ነው፣ ኮረኮንች። ዶርዜን ስናልፍ ጉም ወረደ፣ ቀጥሎ ካፊያ። አንድ ኩርባ ላይ ጎማው ጭቃ ውስጥ ገብቶ ፈተለ። ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች ሸክማቸውን አውርደው ገፉልን። አንዱ ሽማግሌ ብር ስንሰጣቸው ተቆጡ፤ "መንገደኛ አይደላችሁ እንዴ?" አሉን።

የጨንቻ ገበያ ቅዳሜ ነው፣ መጨረሻው ላይ ደረስን። ጥጥ፣ ፈትል፣ ገብስ፣ ቆጮ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ። ሴቶቹ እየተገበያዩ እንኳ እንዝርታቸው አይቆምም። እዚህ ፈትል የሴት፣ ሽመና የወንድ ነው። መሬቱ ጠባብ ነው፤ ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ ወንዱ ሙያውን ይዞ ወደ አዲስ አበባ ይወርዳል፣ ይህ የቆየ ነው። ሸማኔው ራሱ በጨዋ ሙያ ያደረ ሰው ነው፣ ብዙዎቻችን ለብሰን የምንደምቀው በእሱ እጅ ነው። ችግሩ አብሮት የሚወርደው ልጅ ነው።

ያደርነው የቀርከሃ ቤት ውስጥ ነው። ረጅም ነው፣ ፊቱ ዝሆን ይመስላል። ምስጥ ከሥር ሲበላው ቆርጠው ዝቅ ያደርጉታል፤ የእኛ አስተናጋጆች ቤት በአያታቸው ጊዜ በጣም ይረዝም እንደነበር ነገሩን። ቆጮ በዳጣ፣ ከዚያ በማር። እሳቱ መሐል ነው፣ ከብቶቹ ከጎን ናቸው፣ ይሞቃል። ቁንጫው ግን እንቅልፍ አላስተኛንም። ልጆቹ እግር ላይ ደግሞ ሙጀሌ አየሁ። የአምስት ዓመት ልጅ በተረከዙ መርገጥ አቅቶት በጎን እየረገጠ ነው የሚሄደው። አስተባባሪያችን በባትሪ ብርሃን እግሩን አጥባ፣ በንጹህ መርፌ አወጣችለት። አላለቀሰም። እኔ ነኝ ዞር ያልኩት።

እሁድ ጥር 25፣ ጨንቻ

አምልኮው በጋሞኛም በአማርኛም ነበር። ከስብከቱ በኋላ ወንጌላዊው ማስታወቂያ ተናገረ፣ እኔ የጉባኤው ዋና ነገር ይህ መሰለኝ። አንደኛ፣ እግሩ ያበጠ ሰው ከዛሬ ጀምሮ ከፊት ይቀመጥ፤ እርግማን አይደለም፣ አይተላለፍም፣ አፈር ነው። ሁለተኛ፣ ልጁን ከማያውቀው ሰው ጋር አዲስ አበባ የላከ ወላጅ ስሙን ለኮሚቴው ያስመዝግብ፣ ልጁን እንፈልጋለን። ሰው አጉረመረመ። አንዳንድ እናቶች ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አደረጉ።

ከምሳ በኋላ ከሽማግሌዎች ጋር ተቀመጥን። ልጅ የሚወጣው በመስቀል ሰሞን ነው አሉን። ጋሞ ውስጥ መስቀል ትልቅ ነው፤ አዲስ አበባ ያለው ሁሉ ይመጣል። አዲስ ልብስ ለብሶ፣ ለዘመድ ስኳርና ቡና ይዞ። ይህን ያየ ልጅ ልቡ ይሸፍታል። ያን ጊዜ ደላላው ወይም ዘመዱ "አስተምረዋለሁ፣ ሙያም ይይዛል" ይላል። ለወላጅ ትንሽ ብር ይሰጣል። ልጁ ሽሮ ሜዳ ሲደርስ መጀመሪያ ማግ ያጠነጥናል። እግሩ መርገጫው ላይ ከደረሰ በኋላ የሽመና ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ይሸምናል። ትምህርቱ ይረሳል።

እዚህ ያየሁትና የተደሰትኩበት የእናቶቹ ራስ አገዝ ቡድን ነው። ሃሳቡ እ.ኤ.አ. በ2002 ቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ከእንግሊዙ የክርስቲያን ረድኤት ድርጅት ከቲርፈንድ ጋር አዳማ ላይ የጀመረችው ነው፤ አሁን በየቦታው ተሰራጭቷል። አሥራ አምስት ሃያ ሴቶች በየሳምንቱ ይገናኛሉ። እዚህ 20 ብር ነው የሚያስቀምጡት። ከራሳቸው ብር ለራሳቸው ያበድራሉ፣ ከውጭ የሚገባ ሳንቲም የለም። አንዷ በ3,000 ብር ብድር ጥጥ ገዝታ ፈትል መሸጥ ጀምራለች። ባለፈው መስቀል ደላላ መጥቶ ልጇን ሲጠይቃት "ምን አጥቼ?" አለችው። ይህን ስትናገር ሴቶቹ ሁሉ አጨበጨቡ፤ እኔም።

ሌላዋ ግን ልጇ ከሄደ ዓመት አልፎታል። አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው። ያለበትን ሰፈር ታውቃለች፣ አጎቱ ጋ ነው። ቡላ በፌስታል ቋጥራ "ይህን አድርሱልኝ፣ ጠፍጣፋ እግር ነው ያለው፣ ጫማ ይቸግረዋል" አለችን። የጫማ ቁጥሩን አታውቅም። በስንዝሯ አሳየችን፤ ገመድ ለክተን ቆርጠን ያዝን።

ማክሰኞ ጥር 27፣ ሽሮ ሜዳ

ሰኞ መንገድ ላይ ነበርን። ማክሰኞ ከሥራ በኋላ ቡላውን ይዘን ወጣን። ከዋናው መንገድ፣ ያ የሐበሻ ልብስ ከተሰቀለበት፣ ወደ ውስጥ በቀጭን መንገድ ይገባል። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ አራት የሽመና ጉድጓድ አለው። መስኮት የለም፤ የጥጥ ብናኝ አምፖሉ ላይ ተጋግሯል። ልጁ ጥግ ላይ መወርወሪያውን እያመላለሰ ነው። "እናትህ ላከችን" ስንለው እጁ ቆመ። ፌስታሉን ፈትቶ አሸተተው።

አጎትየው ክፉ ሰው አይደሉም። እሳቸውም በስምንት ዓመታቸው ነው የመጡት። አንዱን ነጠላ ለነጋዴ በ600 ብር ያስረክባሉ፤ ሱቁ ውስጥ በእጥፍ ይሸጣል። የቤት ኪራይ፣ የማግ ዋጋ፣ ምግብ። "ልጁ ባይሠራ ማን ያበላዋል እኅቴ?" አሉኝ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው 15 ያልሞላ ልጅ መቅጠር ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ያለውም በቀን ከሰባት ሰዓት በላይ እንዳይሠራ ይላል። እዚህ ክፍል ውስጥ ግን ቅጥር የሚባል ነገር የለም፣ አጎትና የወንድም ልጅ ናቸው። ተቆጣጣሪ ይህን በር አያንኳኳም። ሆኖም ሕግ ነው፤ እኛም አለሳልሰን ነገርናቸው።

ረጅም ሰዓት አወራን። መጨረሻ ላይ የተስማማነው ይህ ነው፦ ልጁ ከ11 ሰዓት በኋላ ሥራ ያቆማል፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ማታ ክፍል ይመጣል፣ የእራቱን ወጪ አጥቢያችን ይሸፍናል። በሰኔ ጨንቻ ሄዶ እናቱን ይጠይቃል፤ በመስከረም የት እንደሚማር ያን ጊዜ ከእናቱ፣ ከአጎቱና ከጨንቻው ኮሚቴ ጋር አብረን እንወስናለን። እኔ ነገውኑ ቢመለስ ደስ ይለኝ ነበር። ግን እናቱ ያለችበትን ሁኔታ አይቼ መጥቻለሁ፤ እሷ ቡድኑ ውስጥ ገብታ ትንሽ ሳትቆም ብንመልሰው ደላላው በሌላ መስቀል ይዞት ይመጣል።

ገመዱን እግሩ ላይ ለካነው። የእናቱ ስንዝር በአንድ ጣት አንሶ ተገኘ፤ አድጓል። ቁጥሩ 38 ነው።

የሚቀጥለው መኪና በመጋቢት መጨረሻ ይወጣል፣ ከክረምቱ ዝናብ በፊት። ሶዶ ላይ የቀሩት ስሞች ከቁጥር 32 እስከ 36 ያሉ ልጆች ናቸው፤ የተሸፈነ ጫማ ይሁን፣ ሰንደል አይሆንም፣ አፈሩ ይገባል። ከጫማ ይልቅ ቶሎ የሚያልቀው ሳሙናና ቫዝሊን ነው። በረኪናውን እዚያው ሶዶ እንገዛለን።